ድጋፉን ያስነሳሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ አብራኝ ኖራ ሳታውቀው ሞተች። ልጆቼ አያውቁትም። ሐጅ ልሄድ ስነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴ ተሰብስቦ አፉ ተባባልን፣ ይቅር ተባባልን፤ ያጣላንን ሁሉ፣ የድንበር ነገር፣ የፍየል ነገር ሳይቀር አንስተን ተላቀስን። ያን ቀንም ይህቺን ዋጥኳት። ዋጥኳትና መካ ደርሼ መጣሁ፣ ሐጂ ይመር ተባልኩ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። ለሚያውቅ ሰው ነግሬ ላስጽፈው አሰብኩና ተውኩት። የሚያውቅ ሰው ያሳምረዋል። ቢያሳምረው እኔ የተሻልኩ ሰው እመስላለሁ፤ ያን አልፈልግም። ስለዚህ እንዳገኛችሁት አንብቡት።

ከወሎ፣ ከባቲ በኩል ወርጄ አዋሽ ሰባት ኪሎ የገባሁት ጎረምሳ ሆኜ ነው። ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ግንበኛ ሆንኩ፣ በደርግ ጊዜ ካፖ ሆንኩ። ካፖ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው፣ ከጣልያን የቀረ ስም ነው። ቃሌ አንድ ነው ይሉኝ ነበር። ይመር አንዴ ካለ አለ ነው ይሉኝ ነበር። ይህን ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። ያበላሸኝም እሱ ነው።

በዚያን ጊዜ ከአዋሽ እስከ ዱብቲ ባለው ሸለቆ የሚሠሩ አምስት አርክቴክቶች ነበሩ። የመንግሥት እርሻ ውስጥ ያሉ አሉ፣ መንገድ ሥራ ያለ አለ። አምስቱ ማኅበር አቋቋሙ። ቢሮ የለው፣ ማኅተም የለው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ሆቴል በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። አንዳቸው የነደፈውን የቤት ፕላን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉታል፣ ነፋስ እንዳይወስደው በለስላሳ ጠርሙስ ይጭኑታል፣ ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ የሠራውን ሌላው ያጣጥላል፣ ባለቤቱ ይቆጣል፣ ደግሞ ይስቃሉ። እኛ ሠራተኞች የመሐንዲሶች እድር እንለዋለን። ሰይድ የሚባል አናጢ ነበረኝ፣ አፉ የማያርፍ የደሴ ልጅ። በበረንዳው ባለፈ ቁጥር፣

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተባችሁ?» ይላቸዋል።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አለው አንድ ቀን ታፈሰ፣ «እንዳይሞት ነው የምንጨቃጨቀው።»

ታፈሰ የአዋሹ አርክቴክት ነው፣ የእኔ አለቃ። ከሸዋ የመጣ ክርስቲያን፣ ቀጭን ሰው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ኢንጂነር ስንለው አርክቴክት ነኝ ይለናል። ልዩነቱ ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ ኢንጂነር ቤቱ እንዳይወድቅ ያስባል፣ እኔ ደግሞ ሰውየው ቤቱ ውስጥ ሆኖ እንዳይከፋው አስባለሁ አለኝ። እኔ እንደ ቀልድ ቆጠርኩት። ቀልድ እንዳልሆነ ያየሁት ዱብቲ ነው። እዚያ ለጥጥ ሠራተኛ የሚሠራው ቤት በሩም መስኮቱም ወደ ምዕራብ ዞሮ ተጀምሮ ነበር። የዱብቲን የከሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። አምስቱም አንድ ላይ ሆነው እርሻው ቢሮ ገቡ፣ ሰው አትጥበሱ አሉ። ያኔ አንዱ ብቻውን ቢናገር አድኃሪ ተብሎ ይታሰር ነበር። አምስት ሆነው ስለተናገሩ ግን ተሰሙ፣ ቤቱ ዞረ። ማኅበር የሚሉት ነገር ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። አላወቅሁም አልልም።

አንድ ደንብ ነበራቸው። የአርማታ ጣሪያ፣ እኛ ሶሌታ የምንለው፣ ከተሞላ በኋላ ከሥሩ በእንጨት ተደግፎ ይቆያል። ያ ድጋፍ የሚነሳው ቤቱን ያልነደፈ ሌላ የማኅበሩ ሰው በተራው መጥቶ፣ ላዩ ላይ ወጥቶ፣ መትቶ፣ አይቶ ይነሳ ሲል ብቻ ነው። ሁለተኛ ዓይን ይሉታል። ደንቡን ያወጣው ታፈሰ ነው። ሰው የገዛ ልጁን መልከ ጥፉ ነው አይልም፣ ስለዚህ ጎረቤት ይይልን ይል ነበር።

እኔ ይህን ደንብ ጠላሁት። ለምን ጠላሁት? አርክቴክቱ አርክቴክቱን ቢያይ እኔን ምን አገባኝ? ግን እኔን የሚያዩ መሰለኝ። ያ ሰው ሶሌታው ላይ ወጥቶ በመዶሻ ሲያንኳኳ የእኔን እጅ የሚያንኳኳ መሰለኝ። እኔ ይመር የሞላሁትን ማን ነው ደግሞ የሚያየው? እንዲህ እያልኩ ቂም ያዝኩ። ሰው በደንብ ላይ ቂም ይይዛል? እኔ ያዝኩ።

የቀበሌ አዳራሽ እንሠራ ነበር። የአብዮት በዓል ሲመጣ ይመረቃል ተብሏል። የፊት በረንዳውን ሶሌታ ሞላን። የኋላው ክፍል ሶሌታ ቀረ። እንጨት ግን የለም። አዋሽ የድጋፍ እንጨት የሚበቅልበት አገር አይደለም፣ ባሕር ዛፉ ከደጋ ነው የሚመጣልን፣ ያኔ ደግሞ ቀርቶብን ነበር። የኋላውን ልሞላ የምችለው የፊቱን ድጋፍ ካነሳሁ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር በየቀኑ ይመጣል።

«ካፖ ይመር፣ በዓሉ አንተን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል?» ይለኛል።

ታፈሰ ይህን አይቶ ሁለተኛውን ዓይን ሊያመጣ ተነሳ። ተራው የከድር ነበር። ከድር መንገድ ሥራ ውስጥ የሚሠራ የሐረር ሰው ነው፣ ሰመራ ነበር የሚኖረው። ሰመራ ያኔ ከተማ አልነበረም፤ ሜዳና የመንገድ ሠራተኛ ካምፕ ነው። ታፈሰ በጭነት መኪና ሊሄድ ተሳፍሮ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል በእጁ ጠራኝ። ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። ሠራተኛው ሁሉ ከሩቅ ያየናል፣ የሚሰማ ግን የለም። እንዲህ አለኝ። ይመር፣ ከከድር ጋር እስክመለስ አንድ እንጨት እንዳትነካ። ፀሐዩ ላዩን አድርቆት ነው፣ ውስጡ ገና ነው፤ ውሃ ብቻ አጠጣው። እሺ አልኩ። መኪናው ሄደ።

ውሃ አጠጣሁት ወይ? ትንሽ አጠጣሁ። ውሃው ከወንዙ በቦቴ ነበር የሚመጣልን፣ ቦቴውም ሲመጣ ይመጣል ሲቀር ይቀራል። እርጥበት እንዲይዝ ሶሌታው ላይ ያለበስነው ጆንያ ደረቀ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ እንዲህ እሳት በሚዘንብበት አገር አርማታ በደጋ ቀን አይቆጠርም፣ ቶሎ ይደርሳል አልኩ። ዳቦ መሰለኝ። እሳት ከላይ ሲበዛበት ዳቦም ላዩ አርሮ ሆዱ ሊጥ እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። በቡጢ መታሁት፣ ደህና ጮኸልኝ። መስማት የፈለግሁትን ጮኸልኝ።

ታፈሰ ይመለሳል በተባለበት ቀን አልተመለሰም። ገዋኔ ላይ ጎርፍ መንገድ ዘግቶ ኖሯል። ሊቀመንበሩ መጣ፣ ሄደ። ሰይድንና ሌሎቹን አናጢዎች ጠራሁና ድጋፉን አንሱ አልኳቸው። ሰይድ ቆመ።

«ሁለተኛው ዓይን ሳያይ?» አለኝ።

«ዓይን ካማረህ ሐኪም ቤት ሂድ።»

«አያ ይመር ሙት፣ ኢንጂነሩ ይቆጣል።»

ሌሎቹም እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ያኔ ያችን ቃል አወጣኋት። ኢንጂነሩ ፈቅዷል፣ በመኪናው መስኮት ሲጠራኝ አላያችሁም? አልኳቸው። አይተዋል። አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም፣ ይመር አንዴ ካለ አለ ነው። ሰይድ መዶሻውን አነሳና ከሥር ገባ።

ከቀትር በኋላ ሶሌታው ወደቀ። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም፣ የተከመረ ጆንያ እንደሚናድ ነው። አቧራው ሲገለጥ ሰይድ ከወገቡ በታች አይታይም። አወጣነው፣ ነፍሱ ተረፈች፣ ሆስፒታል ወስደው አንድ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ከዚያ በኋላ አናጢነት የለም። በኋላ ልጠይቀው ስሄድ አንድ ጊዜም እኔን ክፉ አልተናገረኝም፤ ኢንጂነሩን ነው የሚረግመው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲረግመው እሰማለሁ። ምን ዓይነት ሆድ ነው ይህን የቻለው? የእኔ ሆድ ነው።

ሊቀመንበሩ አቧራው ሳይበርድ መጣና ማን ነው ያዘዘው አለ። አናጢዎቹ፣ ካፖ ኢንጂነሩ ፈቅዷል ብሎን ነው አሉ። አልዋሹም፣ ያልኳቸውን ነው ያሉት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ዋሽቻችሁ ነው ማለት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ነበረች። ሊቀመንበሩ ግን ከእኔ ቀድሞ አሻጥር የምትለውን ቃል አወጣት። በዚያን ዘመን የነበረ ሰው ይህቺ ቃል ሰውን የት እንደምታደርሰው ያውቃል። ፈራሁ። አዎ፣ ፈቅዷል አልኩ።

ታፈሰና ከድር በማግስቱ ደረሱ። ታፈሰ ከመኪናው ወርዶ ፍርስራሹን አየ፣ እኔን አየ። ሰው ተጎድቷል? ብሎ ነው የጠየቀኝ። ሳልመልስለት የአብዮት ጥበቃዎች ይዘውት ሄዱ።

እዚህ ላይ ማኅበሩ ያደረገውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ የምጽፈው ለዚህ ነው። የቀሩት አራቱ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ቀርበው፣ እኛ እንመርምረው፣ ደንቡን ጠብቆ ከሆነ ይህ የሥራ አደጋ እንጂ አሻጥር አይደለም፣ አራታችንም ዋስ እንሆናለን አሉ። ሊቀመንበሩ እሺ አለ፤ እርሻው ያለ እነሱ አይሠራምና። ግን ደንቡን ራሱ አፍርሶ ከሆነ አንቆምለትም አሉ፣ ይህንንም ተናገሩ። አያችሁ? የሰውየው ነፍስ በአራቱ ዋስትና ላይ ተንጠለጠለ፣ የአራቱ ዋስትና በእኔ አፍ ላይ። በመስኮቱ የተባለውን የምናውቅ ታፈሰና እኔ ብቻ ነን። እሱ አላልኩም ብሏል።

ባቡር ጣቢያው በር ካለው ኒም ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። ሊቀመንበሩን አንተ አትኑር ብለው መልሰውታል። ከድር ነው ያናገረኝ።

«ይመር፣ እኛ ወታደር አይደለንም» አለኝ። «ተሳስተህ ከሆነ ተሳሳትኩ በለን። አንተንም አናስነካም፣ ሰው ይሳሳታል። ታፈሰ በመስኮቱ ምን አለህ?»

«አንሱ አለኝ።»

«እኔን ሊያመጣ እየሄደ እንዴት አንሱ ይልሃል? ታዲያ እኔን ምን ያደርገኛል?»

ጥያቄው ልክ ነው። የዋሸ ሰው እዚህ ላይ መያዝ ነበረበት። እኔ ግን አልተያዝኩም። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ከድር መጥቶ ያው መፈረሙ ነው፣ ለወጉ ነው የማመጣው አለኝ አልኩ።

የከድር ፊት ጠቆረ። ሌሎቹም ተያዩ። በዚያች ቃል ታፈሰን ከደንብ አፍራሽነት አሳልፌ ወንድሞቹን የናቀ ሰው አደረግሁት። ይህቺን ማን አስተማረኝ? ሊቀመንበሩ አላስተማረኝም። ፍርሃትም አላስተማረኝም፤ ፍርሃት አንሱ አለኝ የምትለውን ብቻ ነው ያናገረኝ። ይህቺኛዋ ከያዝኩት ቂም ነው የወጣችው። የት እንደሚያማቸው አውቅ ስለነበር እዚያው ላይ ወጋኋቸው።

ዋስ አልሆኑለትም። ታፈሰ ታሰረ።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጊዜ ነው የቆየው። መንግሥት አልዘጋውም። በረንዳው ላይ አንድ ሁለቴ ሲሰበሰቡ አይቻለሁ፤ ፕላን ይዘረጋሉ፣ ማንም ግን ማንንም አይተችም። ከዚያ መምጣት ተዉ። እኔ የእርሻው የግንባታ ሹም ሆንኩ። ሁለተኛ ዓይን ቀረ። የፈለግሁ ቀን ድጋፍ አነሳሁ።

አሁን ዋናውን ልናገር። እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው፣ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ፈርቶ ነው ሊለኝ ይችላል። እኔም ራሴን እንዲህ እለዋለሁ። ቀጥሎ ያለውን ስሙና እንደገና በሉኝ።

ታፈሰ ተፈታ። ገዋኔ መጋዘን እያሠራሁ ሳለሁ አንድ ቀን ከጭነት መኪና ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ሊገድለኝ የመጣ መስሎኝ አካፋ ያዝኩ። አየና ሳቀ።

«አስቀምጠው ካፖ፣ ጉልበት ያለው አንተ ነህ» አለኝ።

ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከመንግሥት ጋር ጨርሻለሁ አለኝ። ሊቀመንበሩ ተነስቷል፣ ፋይሉን የሚያይ የለም፣ አንተን የሚጠይቅህ የለም፣ እኔም አልከስህም አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ አለኝ። ለከድርና ለሦስቱ እውነቱን ንገርልኝ። ለነሱ ብቻ። ሌላ ሰው ይስማ አላልኩም። ታስሬ ስቆይ የመታኝን ሰው ረስቼዋለሁ፣ ከድር ፊቱን ያዞረብኝን ግን መርሳት አልቻልኩም። ሥራዬን አይቶ ልክ ነው ልክ አይደለም ሊለኝ የሚችል ሰው በዚህ ሸለቆ እነሱ አራቱ ናቸው። እነሱ ካላመኑኝ እርሳስ አላነሳም። እንዲህ አለኝ።

ማን ያስፈራኝ ነበር? ማንም። ምን ይጎድልብኝ ነበር? ምንም። ከገዋኔ ሰመራ መኪና መሳፈር ነው። ከድር ቢቆጣ ይቆጣል፣ ቢሰድበኝ ይሰድበኛል፣ አለቀ። እኔ ግን ምን አልኩ?

«አንዴ ብያለሁ» አልኩት።

«ይመር፣ እኔና አንተ ብቻ ነን እኮ ያለነው።»

«አንዴ ያልኩትን አልመልስም።»

ውሸቴን እንደ ግንብ ድንጋይ ቆጥሬ፣ አንዴ ያስቀመጥኩትን አላነሳም ብዬ፣ ወንድነት መስሎኝ ቁጭ አልኩ። ሠራተኞቹ ያያሉ፣ ካፖ ይመር ቃሉን አያጥፍም። ታፈሰ ውሃ ስጠኝ አለ። ሰጠሁት። ጠጣ፣ ጣሳውን ደፍቶ አስቀመጠው፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣ መኪና ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ ሞተ ሲሉ ሰማሁ። እርሳስ ያንሳ አያንሳ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያውን ፈርቼ ነው ያደረግሁት። ሁለተኛውን ማንም ሳያስፈራኝ ነው። ሌሊት ሲመጣብኝ የምሰማው የሶሌታውን መውደቅ አይደለም፣ «አንዴ ብያለሁ» ያልኩትን ነው።

አሁን ለምን ጻፍኩት? ባለፈው የሰመራ ወጣት አርክቴክቶች ሰው ላኩብኝ። ማኅበር እያቋቋሙ ነው። ስለ ድሮው ማኅበር የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልገው ሐጂ ይመር አለ ተብለው ነው። ሄድኩ። ጥሩ ልጆች ናቸው። ለስላሳ አቀረቡልኝ፣ ፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ዘሃራ የምትባል ልጅ ናት የምታስተባብራቸው። ድሮ ምን ይሠሩ ነበር አለችኝ፤ ስለ ዱብቲው ቤት፣ ስለ ሁለተኛው ዓይን ነገርኳት። ደስ አላት።

«እኛም እንመልሰዋለን አባባ» አለችኝ። «ጋሽ ከድር ነግረውናል። ግን መጀመሪያ ደንቡን ያፈረሰው ራሱ ያወጣው ሰው ነው አሉን። ታፈሰ የሚባል። ለአዲስ አባል ሁሉ እሱን ነው ምሳሌ አድርገን የምንነግረው፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይጠብቀን ብለን። ልክ ነው አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ማለቴ ነው። ይህም ሦስተኛው ነው።

ከድር በሕይወት እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር። ሎግያ ልጁ ቤት ነው አሉኝ፣ ዓይኑ ጠፍቷል። ሦስቱ ሞተዋል። እንግዲህ ታፈሰ ንገርልኝ ካላቸው ሰዎች የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ዘሃራ፣ ይህ ወረቀት ለአንቺ ነው። በስብሰባችሁ አንብቢው፣ እኔም ከፊት ወንበር ላይ ሳይሆን ከሚቆሙት ጋር ቆሜ እሰማለሁ። ታፈሰ ደንቡን አላፈረሰም። ከከድር ጋር እስክመለስ አንድ እንጨት እንዳትነካ ብሎኝ ነው የሄደው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ድጋፉን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ የሰይድን እግር የበላሁት እኔ ነኝ። ለአዲስ አባል ምሳሌ ካስፈለጋችሁ የእኔን ስም ንገሩ። ሰይድም በሕይወት የለም፣ አፉ የሚለኝ የለኝም። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው አላህም አይተወውም ብለው ነው ያስተማሩን። ስለዚህ እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም፣ የእናንተ አይደለምና።

ስብሰባው ሲያልቅ ሎግያ አብረን እንሄዳለን። ለከድር አንቺ አታንብቢለትም፣ እኔ በአፌ እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። የእኛን አገር ሰው አውቀዋለሁ፣ ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊት ካየ ማስታረቅ ይወዳል። ከድር ቢረግመኝ፣ ከቤቴ ውጣ ቢለኝ፣ ዝም ቢለኝም፣ ማንም በመሀላችን እንዳይገባ። አርጅቷል ተወው አትበሉልኝ። ይበል፣ የፈለገውን ያህል ይበል፣ እስኪጨርስ ቆሜ እሰማዋለሁ።